የባሕሩ ወለል በልኩ

ስለ ሟቹ ሁለት ወሬ ነበር። ሁለቱም የሚወሩት በአንድ ሳሎን ውስጥ፣ ከአንድ ሶፋ ሁለት ጫፍ ነው።

በበሩ በኩል የተቀመጠው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ዓሣ አጥማጁ፣ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ሁሉ ሰብስቦ የሌለ ተራራ አሳየ። እኔ ዕድሜዬን የተመላለስኩበት ውሃ ነው። ከሥሩ ተራራም ገደልም የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ ዋሸን።»

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው፣ ሟቹ ይሠራበት የነበረው የባሕር ቅየሳ ቢሮ ምክትል ኃላፊ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ያ ሰው በዕድሜው አንዲት ቁጥር አልነካካም። ግድግዳው ላይ ያያችኋት እያንዳንዷ ነጥብ ከመርከባችን ወርዳ፣ ወለሉን ነክታ የተመለሰች ድምፅ ናት። አንዷም ሐሰት የለባትም።»

የሟቹ ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ በሁለቱ መካከል ቆማ ነበር። እሷም የምትሠራው እዚያው ቅየሳ ቢሮ ነው። አንዱ አለቃዋ፣ አንዱ አጎቷ ስለሆኑ ማንኛቸውንም «ተው» ማለት አልሆነላትም።

«ስንት ስኳር፣ ጋሼ?» አለችው አጎቷን።

«ሁለት።» ማንኪያውን እያየ ጨመረበት፦ «አባትሽ ቢሆን ሃያ አድርጎ ያሳየኝ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በመሀረባቸው ሸሸጉ። እናቷ ከጓዳ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እናንተ ሰዎች! ለቅሶ ነው የመጣችሁት ወይስ ሙግት?»

ሁለቱም ወደ ብርጭቋቸው አቀረቀሩ።

ጠቡ የተነሳው ከአራት ወር በፊት ነው። ከወደቡ ማዶ ላለችው ደሴት በባሕር ሥር የመብራት ገመድ ሊዘረጋ ታስቦ፣ ቢሮው ወለሉን እንዲለካ ታዘዘ። ገመዱ የሚሄድበት ሁለት መንገድ ነበር፤ በሰሜን ወይም በደቡብ። ደቡቡ መረብ የሚጎተትበት ሜዳ ነው፤ ገመድ በተኛበት ደግሞ መረብ አይጎተትም። ሰሜኑ ማንም የማያጠምድበት ነው። የትኛው ይሁን የሚለውን የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ይምረጥ ተባለ፤ ሥራውን የያዙትም ለምርጫው እንደሚገዙ ቃል ገቡ።

የዚያን ቀን ሟቹ በማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የባሕሩን ወለል በባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ከፍቶ አሳየ። ጥልቀት የሌለው ቀይ፣ ጥልቁ ሰማያዊ ነበር። ወደ ሰሜን ሲያዞረው ከሰማያዊው ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ግድግዳ ተነሳ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። በዚህ ላይማ ምን ዓይነት ገመድ ይወጣል? እጆች ሁሉ ለደቡብ ተነሱ። አንድ እጅ ብቻ ሳይነሳ ቀረ፤ የወንድሙ እጅ። ሰው ዞሮ አየው። ከኋላ አንዱ «ወንድሙን የሚቃወመው ቀንቶ ነው» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ዓሣ አጥማጁ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የወንድሙን ደጃፍ የረገጠው ገና አሁን፣ ለለቅሶው ነው።

ሟቹ ልቡ ድንገት ከመቆሙ ጥቂት ቀን በፊት ማኅበሩ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሰበሰብ አስጠርቶ ነበር፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ። ለምን እንደሆነ ግን ሳሎኑ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

«ውሳኔውን ሊያጸናላቸው ነው» አለ ምክትሉ ሲነሳ። «እኔ አቀርብለታለሁ። ያንኑ ሥዕል።»

«አንተ አቅርብ፣ እኔ ደግሞ ተነስቼ ያንኑ እናገራለሁ» አለ አጎቷ።

ልጅቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። አባቷ ውሸታም ነበር ብላ አታምንም። አጎቷ በዓይኑ ያላየውን አየሁ እንደማይልም ታውቃለች። ሁለቱን በአንድ ራስ ውስጥ ይዞ መዞር ከትሪው ይከብድ ነበር።

አባቷ ዋና አይችልም። ቢሮው ውስጥ ግን «ጥልቁ» ነበር የሚሉት። ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማሳያ ሶፍትዌሩ ላይ ፋይሉን ሲጭን፣ መጀመሪያ ባዶ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ ወለሉ ከነሸለቆው ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ያኔ እጁን አፋትጎ «ውሃውን ደፋሁት!» ይላል። ለዓመታት በየቀኑ አለው፤ በየቀኑም እንደ አዲስ ደስ ይለው ነበር።

ልጅ ሳለች ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እጇን በእጁ ይዞ ማውሱን ያስነዳት ነበር። ከወለሉ በላይ እንደ ወፍ ይሄዳሉ።

«ቀስ በይ፤ ዓሣዎቹን ታስደነግጫቸዋለሽ።»

«አባዬ፣ ዓሣ የለም እኮ።»

«እኔ ነኛ የሰረዝኳቸው!»

እውነቱን ነበር። የመርከቡ ድምፅ ወለሉን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ የዓሣ መንጋ ስክሪኑ ላይ በውሃው መሀል እንደ ተንጠለጠለ አቧራ ይታያል። ወለሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ያንን አቧራ እየለቀሙ ማጥፋት የአባቷ ሥራ ነበር፤ በኋላም የእሷ። ወንድማማቾቹ በደህናው ጊዜ በዚህ ጉዳይ ሳይሳሳቁ እራት አይበሉም ነበር።

«እኔ ፍለጋ የማድረውን እሱ በጣቱ ይሰርዘዋል!» ይላል ታናሹ።

«አንተ ካጠመድከው እኔ የሰረዝኩት ይበልጣል» ይላል ታላቁ። «ደግሞ የእኔ መረብ አይቀደድም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣች። ወደቡ ዳር መረብና ገመድ የምትሸጥ፣ ጎርናና ድምፅ ያላት ሴት ናት። ሳሎን ጥቂት ተቀምጣ «እጄን ልታጠብ» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች። ጎርናናውን ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ለማውረድ ስትታገል አንገቷ ቀላ።

«ልጄ፣ ስብሰባውን ለምን እንዳስጠራ ታውቂያለሽ?»

«ውሳኔውን ለማጽናት ነው ይላሉ፣ እትዬ።»

«ለማፍረስ እንጂ! ሱቄ መጣ። ገመድ የሚገዛ መስሎኝ ‹ስንት ሜትር ልቁረጥ?› አልኩት። ‹ያሳየኋችሁ ልኩን አልያዘም፤ ሰዉን እንደገና ጥሪልኝ› አለኝ። ‹ታዲያ እኔ ልንገራቸዋ› ስለው፣ ‹የለም፤ በአፌ ያሳሳትኩትን በአፌ ነው የማርመው› አለ።»

«ምኑ ነው የተሳሳተው አለ?»

«እሱ ነው ያልገባኝ። ‹አሳበጥኩት› አለኝ። እኔ ድድ ሲያብጥ አውቃለሁ፣ እግር ሲያብጥ አውቃለሁ። ባሕር እንዴት ነው የሚያብጠው?»

ልጅቱ በአረፋ የተሞላውን ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች። ገባት።

የባሕር ወለል ሰፊ ነው፤ ከፍታና ዝቅታው ከስፋቱ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። እንዳለ ቢያዩት የተነጠፈ አንሶላ ይመስላል። ስለዚህ የእነሱ ቢሮ ሰው ሁሉ የሚሠራው የከፍታ ማጉያውን ከፍቶ ነው፤ ስፋቱ እንዳለ ሆኖ ከፍታው ብቻ አሥር እጥፍ ይሆናል። ያኔ ጉብታው ይታያል፤ ስህተትም ካለ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስንት እጥፍ እንደጎላ የሚናገረው ቁጥር በመስኮቱ ታችኛ ጥግ ተጽፎ ይቀመጣል። ለሰው ለማሳየት ግን ሌላ ቁልፍ አለ። እሱ ሲጫን ሜኑው፣ ሚዛኑ፣ ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ይሰወርና ሥዕሉ ብቻ ግድግዳውን ይሞላል። አባቷ ያንን ቁልፍ የተጫነው እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው ነው። ከጥራጊው ጋር ቁጥሩም ወጣ።

በዚያ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ የነበረው ምክትልም የጎደለ ነገር አልታየውም። ዕድሜያቸውን በአሥር እጥፍ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ዓይን ባሕር ማለት ያ ነው። አዳራሹ የሞላው ሰው ግን የባሕሩን ወለል ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ያየውን አመነ።

ምክትሉ ማምሻውን ሲመጣ ደረጃው ላይ አግኝታ ነገረችው። መልሱ ቶሎ አልመጣም፤ ግድግዳውን ተደገፈ። ቢሮው «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ቀስ በይ» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉን ሲጫን ፊት ለፊቱ ነበርኩ እኮ።»

«ማንም አላስተዋለም።»

«ሐሙስ ልኩን ሥዕል እኔ አሳያለሁ። ‹የተሻሻለ› እላቸዋለሁ፤ እንደገና ይመርጣሉ፤ አለቀ። የአባትሽ ስም አይነሳም።»

«ውሸት አይሆንም?»

«አንዲት ነጥብ ሐሰት አይኖርባትም።»

ትናንት ሶፋው ላይ ሆኖ ያለው ይህንኑ እንደነበር ትዝ አላት። ምክትሉ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ስሚኝ፣ እታለም። የሞተ ሰው ተነስቶ ‹እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው› አይልም። አዳራሹ የሚይዘው ‹ተሳስቶ ነበር› የምትለዋን ብቻ ነው፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ‹ዋሽቶ ነበር› ትሆናለች። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ለምን ለሰው አፍ ትሰጪዋለሽ?»

ያለው ሁሉ ሊሆን ይችላል። ዝም ብትል የአባቷ ስም በቢሮውም በወደቡም እንደነበረ ይኖራል። ብትናገር ደግሞ አጎቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆኖ የሚለውን በገዛ አፏ ያጸናችበት ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ፣ አጎቷ ከጎረቤት የተለመኑትን ወንበሮች እየደራረበ ሳለ ድንገት ቆመ።

«ያንን ተራራ አሳዪኝ።»

«ምን?»

«ግድግዳ ላይ ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ተናድጄም ነበር። እስቲ ልየው። ቢያንስ የምሰድበውን ልወቅ።»

ላፕቶፑን አምጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። አጎቷ ማውሱን ልክ የሚወራጭ ዓሣ እንደያዘ ሰው ጨምድዶ ያዘው። ወለሉ ዞረ፣ ተንጋደደ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምን ሆነ?»

«ከወለሉ በታች ገባህ፣ ጋሼ። ወደ ላይ ሳበው።»

«ይኸውልሽ! ስንት ማዕበል ያላሰጠመኝን ሰውዬ ሳሎን ውስጥ አሰጠምሽኝ።»

ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እጇን እጁ ላይ አድርጋ ወደ ሰሜን መራችው። ቀዩ ግድግዳ ከሰማያዊው ውስጥ ተነሳ። አጎቷ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ይኸው። ሰው ፊት ያዋረደኝ ይሄ ነው።»

ምንም ሳትናገር ማጉያውን ወደ ታች ጎተተችው። አሥር፣ ሰባት፣ ሦስት። ተራራው ቆሞ የደከመው ሰው ይመስል እየተቀመጠ ሄደ። አንድ ላይ ሲደርስ ለጥ ያለ ተዳፋት ብቻ ቀረ።

«ልኩ ይሄ ነው» አለች። «ወደ ክሊኒኩ የሚወስደውን ዳገት ታውቀዋለህ?»

«በብስክሌት ነው የምወጣው።»

«ከዚያ አይበልጥም። አባዬ አሥር እጥፍ እንደጎላ ሳይናገር ነው ያሳያችሁ። ረስቶት ነው። የሐሙሱን ስብሰባ ያስጠራውም ይህንኑ ሊናገር ነበር።»

አጎቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አላልኩም?» ብሎ ወደ ሶፋው ዞረ፤ ሶፋው ላይ ግን ማንም አልነበረም። «አላልኩም?» አለ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ፤ ፊቱ ተጨማደደና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ አላለቀም።»

ማጉያውን መልሳ ወደ አሥር ከፍ አድርጋ በተዳፋቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከሥር ወለሉ በዚያ መስመር ተቆርጦ ከጎን ታየ፤ መሀሉ ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ስል የሆነ ደረጃ ነበር።

«ይህችን ታያታለህ? ቁመቷ ሦስት ሜትር ናት። ገመዱ እዚህ ሲደርስ እንደ ልብስ ማስጫ በባዶ ይንጠለጠላል፤ ውሃው ሲያወዛውዘው ሊበጠስ ይችላል። ምናልባት ዞሮ የሚያልፍበት ይኖራል፤ ምናልባትም የለም።»

«በልኩ አሳዪኝ።»

ወደ አንድ መለሰችው። አጎቷ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ ተጠጋ።

«የለችም።»

«አለች። በዚህ ልክ ዓይን አያያትም እንጂ። ለዚህ ነው የምናጎላው።»

ማውሱን ለቀቀው፤ መልሶ ያዘው።

«እንግዲያ የሌለ ነገር አላሳየም።»

«ያለውን አገዘፈው።»

«እኔም የለም ያልኩት አለ።» ጺሙን አሸ። «ታዲያ ምነው ለእኔ እንኳ ሹክ ቢለኝ? የማን ወንድም ነው?»

መልሱ የመጣው ከጓዳው በር ነው። እናቷ ፎጣ እንደያዘች ቆማ ኖሯል።

«ካንተ ነበር አብልጦ ያፈረው» አለች። «ስለ ምን እንደሚያወራ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ስሰማችሁ ነው የገጣጠምኩት። ‹ለብቻው ብነግረው ወዲያው ይቅር ይለኛል› አለኝ። ‹ግን ብቻውን የቀረው በሰው ፊት ነው፤ እውነቱም በሰው ፊት ይሰጠው።› እኔ ደግሞ ‹ይልቅ እራትህን ብላ› አልኩት።»

አጎቷ ከደራረባቸው ወንበሮች አንዱን አውርዶ ተቀመጠበት።

በማግስቱ ወንበሮቹ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ። ሳሎኑ ሰፋ፤ ድምፅ ሁሉ ያስተጋባ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የቀሩት የቤቱ ሰዎች፣ አጎቷ፣ ምክትሉና ሊቀመንበሯ ብቻ ነበሩ። ልጅቱ የምክትሉን ሐሳብም የደረጃዋንም ነገር ለሁሉም ነግራቸዋለች። ምክትሉ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ፋይሉን ልውሰድና ላዘጋጀው» አለ። «ወሰንሽ?»

እሷ ከመመለሷ በፊት አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ እንዳለው ይሁን። ልኩን ሥዕል ያሳይና ይብቃ። ለእኔ ተብሎ የወንድሜ ስም አደባባይ አይውጣ። እኔ እንደሆነ የምፈልገውን ሰምቻለሁ፤ ውሸታም ማለቴንም በየጀልባው እየዞርኩ አነሳዋለሁ።»

ምክትሉ በመገረም ዞሮ አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙ ሁለት ሰዎች፣ እንዴት እንደሚተያዩ የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

«ቆይ እንጂ!» አለች ሊቀመንበሯ። «ለእናንተስ ቀለላችሁ። እኔን ሰው ‹ታዲያ ባለፈው ያየነው ምን ነበር?› ሲለኝ ምን ልበል? ተራራው በአራት ወር ሟሟ? አንዴ ተራራ፣ አንዴ ሜዳ ያየ ሰው ሦስተኛ ሥዕል ብታሳዩት አያምናችሁም። ያቺ ደረጃ የምትሏትን እንዴት ታሳምኑታላችሁ?»

ልጅቱ ሁለቱን ሰዎች አየቻቸው። ሁለቱም ዝም በይ የሚሏት አባቷን ስለሚወዱት ነበር። ሰው በመውደድም ልኩን ሊያጣ እንደሚችል አሰበች፤ ደግሞ በዚህ አልፈረደችባቸውም።

እናቷ ተነሳች። ላፕቶፑ ፊት ያለውን ብርጭቆ አንስታ ቦታ አደላደለች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ከሁሉም ፊት፣ ልክ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«እስቲ ሐሙስ እንደሚቀርበው አድርጋችሁ አሳዩኝ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁለትም። ከመጀመሪያው ጀምሩ። ግልጽ ካልሆነልኝ እጠይቃለሁ።»

ምክትሉ ቦርሳውን ከጉልበቱ አውርዶ ሊነሳ ሲል ልጅቱ ቀደመችው። ቆመች። እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀቻት።

«ሐሙስ የማቀርበው እኔ ነኝ» አለች። «መጀመሪያ አባዬ ያሳያችሁን ተራራ እንደነበረ አሳያችኋለሁ። ቀጥሎ እዚያው ፊታችሁ ወደ ልኩ አወርደዋለሁ፤ ደረጃዋንም አሳያችኋለሁ። ስሙን ጠርቼ ‹ተሳስቶ ነበር› እላለሁ፤ ስሙን ጠርቼ ‹ሊያርመው የጠራችሁም እሱ ነው› እላለሁ። ከዚያ ሰሜንም በሉ ደቡብ፣ አይታችሁ እጃችሁን አንሱ።»